የኢስታንቡል ጓዳ

ወደ ኢስታንቡል የሚመጣ የአገሬ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ሽቅብ ነው። ጉልላቱን፣ ሚናራውን፣ አውሮፓንና እስያን የሚያገናኘውን ድልድይ ፎቶ ያነሳል፣ ለዘመድ ይልካል፣ ከተማዋንም ያያት ይመስለዋል። እኔ የምውለው ላሌሊ በሚባለው የጅምላ ልብስ ሰፈር ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ነጋዴዎችን ከሱቅ ሱቅ አዞራለሁ፣ ዋጋ አስተረጉማለሁ፣ ዕቃቸው ካርጎ ቤት እስኪገባ አብሬያቸው እቆማለሁ። ስለዚህ ጠጋ በሉና አስጎብኚ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ኢስታንቡልን ማወቅ የፈለገ ሰው ጉልላቱን ትቶ የሰዉን እጅ ይመልከት። ከ15 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በሚኖርባት በዚህች ከተማ ገንዘቡም፣ ሻዩም፣ ዳቦውም፣ ወርቁም የሚጓዘው ከእጅ ወደ እጅ ነው፤ ያውም በማይተዋወቁ ሰዎች እጅ።

ዶልሙሽ የሚባል ቢጫ ሚኒባስ አለ። መስመር አለው፣ ሲሞላ ይነሳል፣ ወራጅ ሲጠራ ይቆማል፤ እስከዚህ ድረስ ከመገናኛና ከሜክሲኮ ታክሲ አይለይም። የሚለየው ረዳት ስለሌለው ነው። ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ሰው ከፊቱ ያለውን ትከሻውን ነካ አድርጎ ሂሳቡን ይሰጠዋል፣ የሚወርድበትንም ቦታ ይናገራል። ገንዘቡ እየተቀባበሉት ሾፌሩ ጋ ይደርሳል። ሾፌሩ በአንድ እጁ መሪ ይዞ በሌላው መልስ ይቆጥራል፤ መልሱም በሄደበት መንገድ ተመልሶ ይመጣል። አንዲት ወጣት ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል የማታውቀውን ሰው መልስ ተቀብላ ለማታውቀው ሰው ስታቀብል አይቻለሁ። ማንም መሐል ላይ አይቆጥርም፣ ጎደለብኝ የሚልም አልሰማሁም። ከአገር ቤት የመጡ እናቶች መጀመሪያ ይህ ነገር ይከብዳቸዋል። ቦርሳቸውን አቅፈው ይቆዩና ሲወርዱ በገዛ እጃቸው ለሾፌሩ ሊሰጡ ይፈልጋሉ፤ ሰዉም ይታገሣቸዋል። ሲለምዱት ግን እነሱው ናቸው የሰው ሂሳብ አቀባይ የሚሆኑት።

ሻዩ ደግሞ የባሰ ነው። ቱርክ በነፍስ ወከፍ በዓመት ከ3 ኪሎ በላይ የሻይ ቅጠል የሚፈጅባት፣ በሻይ መጠጣት ከዓለም ቀዳሚ የሆነች አገር ናት። እንግዳ የሚያየው ወገበ ቀጭኑን ብርጭቆና ልጁ አንጠልጥሎት የሚሮጠውን ትሪ ነው። ጓዳው ሌላ ቦታ ነው። በየገበያ ሕንፃው ደረጃ ሥር ወይም ኮሪደር ጥግ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያቆም የሻይ ማፍያ አለ። ከላይ ወፍራሙ ሻይ፣ ከሥር የፈላው ውኃ፤ ቀጭን ላዘዘ ውኃው ይበዛለታል፣ ወፍራም ላዘዘ ሻዩ። ባለሱቁ ለየብርጭቆው ገንዘብ አያወጣም። ማርካ የሚባሉ ሳንቲም የሚያክሉ ባለቀለም ፕላስቲኮችን ከሻይ አፍዩ አስቀድሞ በከረጢት ገዝቶ መሳቢያው ውስጥ ያስቀምጣል፤ አንድ ማርካ አንድ ሻይ ነው። ልጁ ገብቶ ብርጭቆውን ያኖራል፣ ማርካዋን ያነሳል፣ ይወጣል። ባለሱቁ ከደንበኛ ጋር ዋጋ እየተከራከረ ቢሆን እንኳ ወሬውን አያቋርጥም፣ ልጁም አያስቆመውም። በሚቀጥለው ዙር ባዶው ብርጭቆ ይሰበሰባል። ሦስት ፎቅ ወርዶ ሌላ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቢቀመጥ እንኳ ወደ ማፍያው የሚመለስበትን መንገድ አያጣም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሹክ ልበላችሁ። ባለሱቁ ሻይ ሲያዝላችሁ «ከጠጣሁ መግዛቴ ነው» ብላችሁ አትሸማቀቁ። እንግዳ አፉን ሳያርስ አይሄድም የሚል ወግ አላቸው፤ ጠጥቶ አመስግኖ የወጣውን ሰው ማንም ክፉ አይለውም። ነገር ግን ዋጋ ተቆርጧል ባላችሁበት ሰዓት ሁለተኛ ሻይ ከታዘዘ ዋጋው ገና ይወርዳልና ለመነሳት አትቸኩሉ።

ስለ ቡና ዝም ብዬ ባልፍ ሆዴ አይችልም። የግብጽ ገበያ ከሚባለው የቅመም ገበያ ጀርባ ታህታካሌ የምትባል ሰፈር አለች፤ ፕላስቲክ ባልዲ፣ ገመድ፣ መጫወቻ፣ የማይሸጥ ነገር የሌለባት። የኦቶማኑ ታሪክ ጸሐፊ ፔቼቪ እንደጻፈው በዚህች ከተማ የመጀመሪያዎቹን የቡና መጠጫ ቤቶች እ.ኤ.አ. በ1550ዎቹ አጋማሽ የከፈቱት ከሐለብና ከደማስቆ የመጡ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ቦታውም ይህችው ታህታካሌ ነበረች። ቡናው ከእኛ አገር ተነስቶ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ በየመን በኩል የመጣ ነው። ዛሬም እዚያው እ.ኤ.አ. ከ1871 ጀምሮ የሚሠራው የመህመት ኤፈንዲ ቡና ቆዪ ቤት መስኮት ፊት ሰው ተሰልፎ ትኩስ የተፈጨ ቡና ይገዛል፤ ሽታው መንገዱን ሞልቶታል። ወረፋውን ባየሁ ቁጥር ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። የቱርክ ቡና ተብሎ የሚጠጣው አብዛኛው ጥሬው ከብራዚል የሚመጣ ነው። መንገዱን የከፈትነው እኛ ሆነን ሳለ ስኒው በሌላ አገር ቡና ተሞላ። በካራኮይና በካዲኮይ ሰፈሮች ወጣቶች የከፈቷቸው ትንንሽ ካፌዎች ውስጥ ሲዳማ፣ ይርጋጨፌ፣ ጉጂ ተብሎ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ሳነብ ደስ ይለኛል፤ ግን ገና ጥቂት ናቸው።

አሁን ወደ ራሴ ሰፈር ልውሰዳችሁ። ላሌሊን ያቆማት የሻንጣ ንግድ ነው። ሶቭየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1991 ስትፈርስ ከሩሲያ፣ ከዩክሬንና ከሌሎቹ ሪፐብሊኮች ብዙ ሴቶች ባዶ ሻንጣ እየያዙ መጥተው በልብስ ሞልተው ይመለሱ ጀመር። አስተማሪ የነበረች፣ ኢንጂነር የነበረች፣ ደመወዟ የቀረባት ሁሉ መጣች። እነዚያ ሴቶች የከፈቱትን መንገድ ዛሬ የእኛ ሴቶች ይሄዱበታል። የሱቆቹ ጽሑፍ አሁንም በሩሲያኛ ነው፤ ከጎኑ ዐረብኛ ተጨምሮበታል። ሻጩ ልጅ በሩሲያኛ ዋጋ ይናገራል፣ በዐረብኛ ይቀበላል፣ ሐበሻ ሲያይ ደግሞ «እንዴት ነሽ» ብሎ ይጠራል።

ላሌሊ አንድ ቀሚስ አይሸጥም። የሚሸጠው ሴሪ ነው፤ አንድ ዓይነት ልብስ ከትንሹ ቁጥር እስከ ትልቁ በአንድ ላስቲክ ታስሮ። 38 እና 40 ይበቃኛል፣ 46ቱን ተውልኝ ማለት የለም። አዲስ ነጋዴ የምትጎዳው እዚህ ላይ ነው። የሚሄድላት ሁለት ቁጥር ሆኖ ሳለ የማይሄደውንም ገዝታ፣ በኪሎ ከፍላ ጭና፣ ሱቋ ውስጥ ሰቅላ ትቀመጣለች። የቆዩት ሴቶች ግን መላ አላቸው። ሁለት ሦስት ሆነው ሴሪዎቹን ይገዙና ማታ ሆቴል ክፍላቸው ወለል ላይ ዘርግተው ይካፈላሉ። መርካቶ ያለችው ትልልቁን ቁጥር፣ ቦሌ ያለችው ትንንሹን። ዶላሩ አልጋ ላይ ይቆጠራል፣ ልብሱ በየቁጥሩ ይከመራል፣ ሁሉም የሚፈልገው ቀለም ላይ ዕጣ ይጣላል። በእቁብ ያደገ ሰው ይህን ማንም ሊያስተምረው አያስፈልግም። ከከተማዋ ነገሮች ሁሉ እኔ የምወደው ይህን የሆቴል ክፍል ነው። እዚያ ወለል ላይ የተካፈሉ ሴቶች አገር ቤት ገብተውም ተፈላልገው ይረዳዳሉ።

በመስኮቱ የምታዩት ልብስ ናሙና ነው፤ ዕቃው ብዙ ጊዜ ሱቁ ውስጥ የለም። ባለሱቁ «ነገ ጠዋት» ካላችሁ ዛሬ ሌሊት ይሰፋል ማለት ነው። መርተርና ዘይቲንቡርኑ አካባቢ ምድር ቤት ውስጥ የስፌት መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ያድራል። ከሚሰፉት ብዙዎቹ ከጦርነት የሸሹ ሶርያውያንና አፍጋኖች ናቸው። አዲስ አበባ ላይ «የቱርክ ነው» ተብሎ በኩራት የሚለበሰው ቀሚስ አገሩን ጥሎ በተሰደደ ልጅ እጅ የተሰፋ ሊሆን ይችላል። ይህን ስነግራቸው አንዳንድ ደንበኞቼ ልብሱን ገልበጥ አድርገው ስፌቱን በጣታቸው ይዳስሱታል። የእነሱም ልጅ ወይም እህት ቤይሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት ትሠራ ይሆናል፤ የስደት እጅ ምን እንደሆነ ያውቁታል።

የላሌሊ ዋጋ ለምን በዶላር ሆነ ብለው ደንበኞቼ ይጠይቁኛል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 መንግሥት ራሱ ያመነው የዋጋ ግሽበት 85 በመቶ አልፎ ነበር። በሊራ ዋጋ ጽፎ የተኛ ነጋዴ ሲነጋ ከስሮ ይነሳል። ጎብኚው ምግብ ቤት ገብቶ ሜኑ ሲያነብ ዋጋው በትንሽ ወረቀት ተለጥፎ ያያል፤ ወረቀቷን በጥፍሩ ቢያነሳት ከሥሯ ሌላ ዋጋ፣ ከዚያም ሥር ሌላ ያገኛል። የከተማዋ ሰው የሳቀ ቢመስላችሁም በዚህ ነገር ብዙ ተጎድቷል።

ከላሌሊ በትራም አንድ ፌርማታ ብትሄዱ ካፓሊቻርሺ፣ ያ ጣሪያ ያለው ትልቁ ገበያ ጋ ትደርሳላችሁ። ሱልጣን መህመት ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1453 ከያዘ ብዙም ሳይቆይ የተጀመረ ነው፤ ዛሬ 4000 የሚያህሉ ሱቆች አሉት። ምንጣፍና ፋኖሱን ሁሉም ያየዋል። ጓዳው ያለው ግን በዙሪያው ባሉት ኻን በሚባሉ አሮጌ የድንጋይ ሕንፃዎች ፎቅ ላይ ነው። አንድ ጊዜ የአዲስ አበባ ወርቅ ነጋዴ ይዤ እንዲህ ያለች ጠባብ ክፍል ገባሁ። ዓይኔ የቀረው ወለሉ ላይ ነው። ወለሉ ላይ የእንጨት ርብራብ ተነጥፏል፤ ከሞረዱ የሚበነው የወርቅ ብናኝ በርብራቡ ክፍተት ወርዶ ከሥር ይጠራቀማል። የተጠረገ ቆሻሻ አይጣልም። ሠራተኞቹ እጃቸውን የታጠቡበት ውኃ አይደፋም፤ ዝቃጩ ውስጥ ወርቅ አለ። ያረጀው ሽርጥ ሳይቀር ተቃጥሎ አመዱ ይነጠራል። አብሮኝ የገባው ነጋዴ ብዙ ዓመት በወርቅ የኖረ ሰው ነው፤ አጎንብሶ ርብራቡን ሲያይ ቆየና የጫማውን ሶል እዚያው አራግፎ ወጣ። ባለቤቱ በጣም ደስ አለው።

ከኻኑ ወርዳችሁ መንገድ ስትገቡ ስልክ በጆሯቸው ለጥፈው የሚጯጯሁ ወንዶች ታገኛላችሁ። ጠብ እንዳይመስላችሁ። የዶላርና የወርቅ ዋጋ እየተጠራሩ ነው፤ ቆሞ የሚውል የምንዛሪ ገበያ ነው። በቃል የተሸጠው ተሸጠ፤ ቃሉን ያጠፈ ሰው በማግሥቱ እዚያ መንገድ ላይ የሚሰማው የለም።

በዚሁ የትራም መስመር ጉልሃነ ላይ ውረዱልኝ። ይህን ከልቤ ነው የምለምናችሁ፤ የእኛ ሰው በየቀኑ ከላሌሊ ወደ ባሕሩ ዳር ወደ ኤሚኖኑ ሲያልፍ ሳያየው የሚያልፍ ነገር አለና። ሕዝቡ ወደ ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ሲጎርፍ እናንተ የጥንቱ የኦቶማን መንግሥት ጽሕፈት ቤት ወደነበረው ወደ ባቢ አሊ በኩል ጥቂት ራመድ በሉ። ሐጂ በሺር አጋ ያሠራው ሕንፃ እዚያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1745 አካባቢ ያለቀ። መስጊድ፣ ትምህርት ቤት፣ የመጻሕፍት ቤት፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሰቢል የሚባል የውኃ መስጫ አለው። በሺር አጋ የሐበሻ ልጅ ነው። በልጅነቱ ተሽጦ፣ ተሰልቦ፣ ከአገሩ ወጥቶ ቀረ። ከዚያ እ.ኤ.አ. ከ1717 ጀምሮ እስኪሞት እስከ 1746 ድረስ የሱልጣኑ ሐረም አለቃ ሆነ። ቪዚር ሲሾም ሲሻር የእርሱ እጅ አለበት፤ ለመካና ለመዲና የተሰጡት ወቅፎች፣ ማለት የበጎ አድራጎት ንብረቶች፣ ገቢም በእርሱ በኩል ያልፍ ነበር። ዓሥርት ዓመታት ያን ግዛት ከመጋረጃ ጀርባ ካንቀሳቀሱት ሰዎች አንዱ ነው። የሰበሰባቸው መጻሕፍት ዛሬ በሱለይማኒዬ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል፤ መቃብሩም እዩፕ ሱልጣን ዘንድ፣ የከተማዋ ሰው ሁሉ በሚሳለመው ስፍራ ነው።

ሰቢሉን ቀርባችሁ እዩት። መስኮቱ የብረት ጥልፍ አለው። በዘመኑ ሠራተኛ ከውስጥ ቆሞ ውኃ በጽዋ እየቀዳ በጥልፉ ቀዳዳ ለአላፊ አግዳሚው በነጻ ያቀብል ነበር፤ ለሐማሉም፣ ለወታደሩም፣ ለለማኙም። ከሐበሻ ምድር በእጅ ተጎትቶ የወጣ ልጅ አድጎ የማያውቀውን ሰው ጥም የሚያበርድ እጅ አቆመ። እዚያ ስቆም የሚሰማኝ ኩራት ብቻ አይደለም። እርሱ አንድ ነው ስሙ የቀረ፤ በዚያው በረሃና በዚያው ባሕር ስንት ሕፃን ሳይደርስ ቀርቷል። ከደንበኞቼ ይህን ሰምቶ ዓይኑ እንባ ያልሞላ ጥቂት ነው።

ወደ ባሕሩ ልለፍ። ከኤሚኖኑ ወደ እስያው ዳር ካዲኮይ መርከብ 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሰዉ ሻይና ሲሚት የሚባለውን ባለሰሊጥ ክብ ዳቦ ይዞ ውጭ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ከሲሚቱ ቆረስ አድርጎ ለባሕር ወፎች ይወረውራል። ሲሚቱ ላይ ያለውን ሰሊጥ ልብ በሉት፤ ቱርክ የኢትዮጵያን ሰሊጥ ከሚገዙ አገሮች አንዷ ናት። ካዲኮይ ዓሣና አትክልት የሚሸጥባት፣ ወጣቱ የሚውልባት ሞቅ ያለች ሰፈር ናት። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀመሰ ሰው ግን ጥንት ስሟን ያውቀዋል፤ ኬልቄዶን ናት። እ.ኤ.አ. በ451 ያ ጉባኤ የተደረገው እዚህ ነው፤ አባቶቻችን ያልተቀበሉት፣ የልዮን ጦማር የጸናበት ጉባኤ። ጉባኤው የተቀመጠበት የቅድስት ኤውፌምያ ቤተ ክርስቲያን ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ በስሟ ኋላ የተሠራ የግሪኮች ቤተ ክርስቲያን ግን ገበያው መሐል አለ። አንዲት እናት ቦታውን ሳሳያቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ። «ይኸን ያህል ዘመን በስብከት ስሰማው የኖርኩት እዚህ ነው?» አሉ። መርከቡ ጥሎን እስኪሄድ ድረስ ከቦታው አልነቀነቅ አሉ፤ እኔም አልቸኮልኩም።

ከጎብኚው ዓይን ፈጽሞ የሚያመልጠው የዳቦው ነገር ነው። ብዙ ዳቦ ቤት ውስጥ አንድ ቅርጫት ወይም አንድ ማንጠልጠያ አለ። ደህና ኑሮ ያለው ሰው የሁለት ዳቦ ከፍሎ አንዱን ይወስድና ሌላው እንዲሰቀል ይናገራል። የቸገረው ሰው በኋላ መጥቶ «የተሰቀለ አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ካለ ይወስዳል፣ ከሌለ ይሄዳል። ሰጪና ተቀባይ ፊት ለፊት አይተያዩም፤ ማንም ማንንም አያመሰግንም። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ከተማዋን በዘጋበት ሰዓት ማዘጋጃ ቤቱ ይህንኑ ወግ ወደ ውኃና ጋዝ ሂሳብ አዞረው። ያልተከፈለ ሂሳብ ያለበት ሰው ሂሳቡን ያስቀምጣል፣ የሚችል ሰው ስሙን ሳያውቅ ይከፍልለታል። በማለዳ የማዘጋጃ ቤቱን ርካሽ ዳቦ የሚሸጡ ጎጆዎች ፊት የተሰለፉትን ጡረተኞች ያየ ሰው ይህ ወግ ዛሬ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ይገባዋል። እርዳታ እንዲህ ፊትን ሳያሳዩ ሲሰጥ ያየሁት ለእኔ ከጉልላቱ ሁሉ ይበልጥብኛል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ የከተማዋ ሰው ለእንግዳ ጮክ ብሎ የማይናገረው። ቤት ለመከራየት የሚሄድ ሰው ከኪራዩ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሕንፃው መቼ እንደተሠራ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 በፊት ወይስ በኋላ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 1999 ከኢስታንቡል በስተምሥራቅ የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ17 ሺህ በላይ ሰው ፈጀ። ከዚያ ወዲህ የግንባታ ደንቡ ጠበቀ፤ ያረጁ ሕንፃዎች እየፈረሱ በአዲስ ይተካሉ። መንቀጥቀጡን የሚያመጣው የመሬት ስንጥቅ ማርማራ ባሕር ሥር ያልፋል፣ አንድ ቀን እንደሚነሳ ሊቃውንቱ ይናገራሉ። እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2025 መጠኑ 6.2 የሆነ መንቀጥቀጥ ሲነቀንቀን ሕዝቡ በየመናፈሻው አደረ። እኔም ውጭ አድሬያለሁ። የማላውቃቸው ጎረቤቶች ብርድ ልብስ አቀበሉኝ፣ አንዲት አሮጊት ከቴርሞሳቸው ሻይ ቀዱልኝ። በማግሥቱ ላሌሊ እንደ ወትሮው ተከፈተ። አሁንም በብዙ ቤት በር አጠገብ ውኃ፣ የእጅ ባትሪ፣ መድኃኒትና መታወቂያ የያዘ ቦርሳ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ሆቴል ስትይዙ እናንተም የሕንፃውን ዕድሜ ጠይቁ፤ ነውር የለውም።

እንግዲህ የምትመጡ ከሆነ ጥቂት ነገር ያዙልኝ። እሁድ ትልቁ ገበያ ዝግ ነው፣ ላሌሊም አብዛኛው ዝግ ነው፤ ስለዚህ ሰኞ ጠዋት እንድትጀምሩ አድርጋችሁ ቲኬት ቁረጡ። የገዛችሁትን ከየሱቁ ራሳችሁ አትሸከሙም። የካርጎ ቤቱን ስምና የእናንተን ምልክት ለባለሱቁ ትሰጣላችሁ፤ ማታ ላይ ተሸካሚዎቹ ጆንያውን በጀርባቸውና በጋሪ እያመጡ ካርጎ ቤት ያራግፉታል፣ ስማችሁ በማርከር ተጽፎበት ታገኙታላችሁ። መድረሱ አያሳስባችሁ፤ የሚያሳስበው ክብደቱ ነው። የምትከፍሉት በኪሎ ነውና የጫማውን ካርቶን፣ የልብሱን ማንጠልጠያ፣ የሸሚዙን የአንገት ወረቀት ሁሉ ከመመዘኑ በፊት አስወጡ። ሴሪውን ፈታችሁ በየቁጥሩ ቁጠሩ፤ የጎደለ ካለ ያኔውኑ ከተናገራችሁ ባለሱቁ ልጅ ልኮ ያስመጣላችኋል፣ አዲስ አበባ ከገባችሁ በኋላ ግን ማንም የሚሰማችሁ የለም። ሚዛኑ ላይ ሲወጣ አጠገቡ ቁሙ፤ ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ፕላስተሩ የሚጠቀለለው ከዚያ በኋላ ነው።